ያበጠ እግርና የቀረ ጀማዓ

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ስለ እግር ነው፤ በተለይም ስለ አባቶቻችንና እናቶቻችን እግር።

ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ኩላሊት በየጊዜው እንሰማለን። እግር ግን ጠያቂ የለውም። አንድ አዛውንት «እግሬ ከበደኝ» ሲሉ «ዕድሜ ነው፣ አብሽሩ» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም አምነው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ገበያ መውጣት ይቀራል። ቀጥሎ ለቅሶና ሠርግ፣ ከዚያ የሱብሒ ጀማዓ፣ በመጨረሻም ጁሙዓ ይቀራል። ሰውየው በሕይወት አለ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ከሰው መሐል ግን ወጥቷል። ሐኪሞች «የኑሮ ጥራት» ብለው የሚለኩት ነገር አለ፤ እግር ሲታመም ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

እኔ ሲቪል ምህንድስና ነው የማጠናው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ስለ ቱቦ፣ ስለ ግፊትና ስለ አፈር ክፍል ውስጥ የምንማረው ነገር እዚህ ላይ በቀጥታ ያገለግላል። የዳንግላ ልጅ ስለሆንኩም ጉዳዩን በዓይኔ እያየሁ ነው ያደግሁት።

እግርን የሚያገለግሉ ሦስት መስመሮች አሉ። ደም ቅዳው ምግብና ኦክስጅን ያደርሳል። ደም መልሱ ሥራውን የጨረሰውን ደም ሽቅብ ወደ ልብ ይመልሳል። ሦስተኛው ብዙዎቻችን በስም የማናውቀው የሊምፍ መስመር ነው፤ ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋ መሐል የቀረውን ፈሳሽ ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልስ የፍሳሽ ቦይ በሉት። በመላው ሰውነት በቀን ሦስት ሊትር ገደማ ይመልሳል። «የእግሬ ዝውውር ደክሟል» የሚሉ አዛውንት ከሦስቱ የትኛው እንደታመመባቸው ካልታወቀ ለአንዱ የሚደረገው ሕክምና ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ደም ቅዳው ሲጠብ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሰውየው የተወሰነ መንገድ ሲሄድ ባቱን ይይዘዋል፣ ቆም ሲል በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል፣ እንደገና ሲሄድ በዚያው ርቀት ላይ ይመለስበታል። በብዛት የሚያጠቃው አጫሾችን፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንን ነው። በትምህርታችን እንደምናየው፣ ግፊቱ ሳይለወጥ የአንድ ቱቦ የውስጥ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ የሚያልፈው ፈሳሽ በግማሽ አይቆምም፤ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። የሰው ደም ሥር እንደ ፋብሪካ ቱቦ ቀጥ ያለ ባይሆንም፣ ጥበት ለምን ያን ያህል እንደሚጎዳ ይህ ስሌት ፍንጭ ይሰጣል። ሐኪሙ የቁርጭምጭሚትን የደም ግፊት ለክንድ ግፊት ያካፍላል፤ ውጤቱ ከ0.9 በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠቧል ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ሲጋራ መተው፣ ደግሞም እስኪይዘው ሄዶ፣ አርፎ፣ እንደገና መሄድ ከሕክምናው ዋና ዋና ክፍሎች ናቸው። እግሩን በፋሻ አጥብቆ ማሰር ግን አደጋ አለው። በክረምት እግርን ምድጃ ዳር ዘርግቶ ማሞቅም እንዲሁ፤ በተለይ የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ስለሚደነዝዝ መቃጠሉን ላያውቅ ይችላል።

ደም መልሱ ሲደክም ደግሞ እብጠቱ ማታ ማታ ይብሳል፣ እግር ከፍ ተደርጎ ሲታደር ይቀንሳል፣ ሥሮቹ ተጠማዘው ከቆዳ በላይ ይታያሉ። ደሙን ሽቅብ የሚገፋው የባት ጡንቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መቆምም ቀኑን ሙሉ መቀመጥም አይስማማውም፤ መንቀሳቀስ ይረዳዋል። በዚህ ላይ አልቆይም፤ ወደ እኛ አካባቢ ጉዳይ ልለፍ።

በደጋው ገበሬ ዘንድ እግርን ክፉኛ የሚያሳብጠው የሦስተኛው መስመር መዘጋት ነው። ሕዝቡ «ዝሆኔ» ይለዋል፤ የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን እግርንና አቧራን ያገናኛል። ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ዝሆኔ ሲባል ብዙ ሐኪሞች የሚያውቁት በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣውን ነበር። ያ ትል ግን የቆላ ነው፤ የደጋው ብርድ አይስማማውም፣ ደጋ ላይ ደግሞ ያበጠ እግር ሞልቷል። ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሕሙማንን የሊምፍ ዕጢዎች ሲመረምር ከአፈር የመጡ የሲሊካና የአሉሚኒየም ብናኞች አገኘ።

አፈሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዙ ዝናብ ፈርሶ የሚሆነው ቀይ ሸክላማ አፈር ነው። ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ፣ ዓመታዊ ዝናቡም ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ቦታ ለበሽታው ይመቻል። ዳንግላ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ዝናቧም ከ1,500 ሚሊ ሜትር ያልፋል። እሳተ ገሞራውን የሚጠራጠር ካለ ከእንጅባራ አለፍ ብሎ ዘንገናን ይመልከት፤ ሐይቁ የተኛው በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። በአፈር ምህንድስና «ሸክላ» የምንለው ከ2 ማይክሮን ያነሰውን ቅንጣት ነው። መንገድ ለሚሠራ ሰው የሚያስቸግረው ሲረጥብ ማበጡ፣ ሲደርቅ መሰነጣጠቁ ነው፤ ባዶ እግሩን ለሚያርስ ሰው ደግሞ ችግሩ ድቀቱ ነው። ቅንጣቱ በተሰነጣጠቀ ቆዳ ይገባል። የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ማዕድን ስለሆነ ግን ሊፈጩት አይችሉም። ይዘውት ወደ ሊምፍ ቦዩ ይገባሉ፤ ቦዩ ይቆጣል፣ ይጠባል፣ በመጨረሻም በጠባሳ ይደፈናል። የመስኖ ቦይ ደለል ሲሞላው ውሃው ማሳ ላይ እንደሚተኛ ሁሉ ፈሳሹም እግር ውስጥ ይተኛል። ፕሮቲን የበዛበት ፈሳሽ ስለሆነ እየቆየ ሲሄድ ቆዳውን ያወፍረዋል፣ ያጠነክረዋል።

በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደተያዙ ይገመታል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል አስገብቶታል፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2013 በጀመረው ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ አካቶታል።

በአንድ ማሳ ላይ ባዶ እግራቸውን ካደጉ ወንድማማቾች አንዱ ሲታመም ሌላው ላይታመም ይችላል። «መተት ረግጦ ነው»፣ «እርግማን ነው» የሚለው ወሬ የሚበቅለው ከዚህ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት በሚመሩ ዘረ መሎች ላይ በሕሙማኑና በጤነኞቹ መካከል ልዩነት አግኝተዋል። ተጋላጭነቱ በዘር ይወረሳል፤ በሽታው ግን ያለ አፈሩ አይመጣም። ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ከአፈር የተጠበቀ ሰው ዘሩ ተጋላጭ ቢሆን እንኳ ይተርፋል። ከሰው ወደ ሰው ደግሞ በምንም መንገድ አይተላለፍም። በአንድ መስገጃ መስገድ፣ በአንድ ማንቆርቆሪያ ውዱእ ማድረግ፣ ጎን ለጎን መቆም አያስይዝም።

በሽታው በአብዛኛው የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ በእኛ ዕድሜ ማለት ነው። መጀመሪያ የእግር ፊት ያሳክካል፣ ሌሊት ሌሊት እግር ያቃጥላል፣ ጠዋት የሚጠፋና ማታ የሚመለስ እብጠት ይታያል። ስለዚህ ዛሬ ስልሳና ሰባ የደረሱ ሕሙማን ብዙዎቹ አርባ ዓመት ያህል ተሸክመውታል። እርጅናው ደግሞ የጉልበትን ሕመምና የደም መልስን ድካም ይጨምርበታል። ከሁሉ የሚከፋው የየጊዜው ግርሻ ነው። ባበጠው ቆዳ ስንጥቅ ጀርም ይገባና እግሩ ይግላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፣ ሰውየው ለቀናት ከአልጋ አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የወላይታ ጥናት ሕሙማን ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶውን እንደሚያጡ አስልቷል።

የኑሮ ጥራትን ወደ መለካቱ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በሰሜን ኢትዮጵያ 346 ሕሙማንና 349 ጤነኛ ጎረቤቶቻቸው የዓለም የጤና ድርጅት ባዘጋጀው መጠይቅ ተጠይቀው ነበር። መጠይቁ 26 ጥያቄዎች አሉት፤ ስለ አካል፣ ስለ ስሜት፣ ስለ ማኅበራዊ ግንኙነትና ስለ አካባቢ ይጠይቃል። የሕሙማኑ አማካይ ውጤት 52 ገደማ፣ የጎረቤቶቻቸው 64 ገደማ ሆነ፤ በአራቱም ዘርፍ ሕሙማኑ ዝቅ አሉ። አካል ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። በአንድ ቀበሌ እየኖሩ፣ በአንድ ገበያ እየዋሉ በማኅበራዊ ግንኙነት መለያየታቸው ግን የእግሩ ብቻ ሥራ አይመስለኝም፤ የሰው ዓይንም አለበት። ከ26ቱ ጥያቄዎች ውስጥ መስጂድ ስለ መሄድ የሚጠይቅ የለም። ቢኖር ኖሮ በእኛ አዛውንቶች በኩል ያለው ቁጥር ከዚህም የሚወርድ ይመስለኛል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ገበያ ላይ ያበጠ እግር ይሸፈናል፤ ረዥም ልብስ አለ፣ ቦት ጫማ አለ። መስጂድ በር ላይ ግን ጫማ ይወልቃል። ውዱእ ማድረጊያው ላይ ሱሪ ይሰበሰባል። ሶፍ ላይ እግር ከእግር ይገናኛል። ተሸሁድ ላይ አልታጠፍ ያለው እግር ወደ ጎን ይወጣል። ሽታ ያለው ቁስል ካለማ ሰውየው ማንም ሳይናገረው በራሱ ላይ ይፈርዳል። በሰፈራችን አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ልጆች ሆነን መድረሳ ስንማር ለሱብሒ ከማንም ቀድመው ይደርሱ ነበር። እየቆዩ ከኢቃማ በኋላ መምጣትና በሩ አጠገብ መቆም ጀመሩ፤ ኢማሙ እንዳሰላመቱም ማንም ሳይነሣ ይወጣሉ። ከዚያ ጭራሽ ቀሩ። «ሐጂ ደከሙ» ተባለ። እግራቸውን ያየነው ለዚያራ ቤታቸው የሄድን ጊዜ ነው፤ እሱንም ቶሎ ብለው ጋቢያቸውን ጣል አደረጉበት። ያኔ ዕድሜያቸው ከስልሳ ብዙ አይዘልም ነበር።

የዐብደላህ ኢብኑ መስዑድን (ረ.ዐ) ታሪክ አብዛኞቻችን ተምረነዋል። ዛፍ ላይ ሳሉ ነፋስ ልብሳቸውን ሲገልጠው የቅልጥማቸውን ቅጥነት ያዩ ሰዎች ሳቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳሳቃቸው ጠየቁ፤ እነዚያ ቅልጥሞች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ የሚከብዱ መሆናቸውንም ነገሯቸው። ኢማም አሕመድ ዘግበውታል። ታሪኩ ሲነገር የምንይዘው የሚዛኑን ክብደት ነው፤ ነገሩ የተጀመረው ሰው እግር ላይ በመሳቅ መሆኑን ግን ቶሎ እንረሳለን።

በፊቅህ በኩል መንገዱ ሰፊ ነው። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ስለ ሕመማቸው ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ እንደነገሯቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። እግሩ በፋሻ የታሰረ ሰው ስለሚያደርገው መስሕም ዑለሞች በሰፊው ጽፈዋል። ዝርዝሩ እንደየሰው ሁኔታ ስለሚለያይ ለኡስታዞቻችን እተወዋለሁ፤ ወላሁ አዕለም። እኔን የሚያሳስበኝ ፈቃዱ መኖሩን ሳያውቁ «እንዲህ ሆኜ ምን ውዱእ አለኝ» ብለው ቤት የቀሩት ናቸው። ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድን እንደ ውርደት የሚያዩም አሉ። ይህን አንድ የጁሙዓ ኹጥባ ሊያቃልለው ይችላል።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑም ነው የሚያስቆጨው። እግርን በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፤ የጤና ባለሙያ በሚያሳየው መጠን ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፤ የጣቶችን መሐል ጨምሮ በደንብ ማድረቅ፤ ቫዝሊን መቀባት፤ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፤ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፤ ደም ቅዳው ደህና መሆኑን ባለሙያ ካየ በኋላ በፋሻ ማሰር፤ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ። ይህ በጎረቤታችን በምሥራቅ ጎጃም፣ በአነደድ ወረዳ በጥናት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ይህ ጥናት 696 ሕሙማንን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ሕክምናውን የጀመሩት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲያገረሽባቸው፣ ገና ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት 23.9 ጊዜ አገርሽቶባቸዋል። አራት ተኩል ጊዜ መቀነሱ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ አንዱ ግርሻ ስንት ቀን እንደሚያስተኛ ለሚያውቅ ግን ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛውን ቁጥር ደግሞ ለ12 ወር አካፍሉት፤ ያለ ሕክምና በየወሩ ሁለት ጊዜ መውደቅ ማለት ነው። ገና ሲጀምር የተያዘ እብጠት ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። የቆየው ሙሉ በሙሉ ባይመለስም ይቀንሳል፣ ሽታውም ይጠፋል። እንክብካቤው ግን ዕድሜ ልክ ነው።

በውዱእ የእግር ጣቶችን መሐል በእጅ ጣት ማሸት ሱና እንደሆነ ተምረናል፤ ጀርሙ የሚገባውም በዚያው በጣቶች መሐል ባለው ስንጥቅ ነው። ይህን ይዞ «ውዱእ ዝሆኔን ይፈውሳል» ብሎ መስበክ ግን አልወድም። ውዱእ ዒባዳ ነው፤ ሳሙና የለውም። በቀን አምስቴ የረጠበ እግር ሳይደርቅ ካልሲ ውስጥ ከገባ ፈንገስ ያበቅላል። እግር ማጠብ ልማዱ የሆነ ሰው ሕክምናውን ለመጀመር ቅርብ ነው፤ የሚጎድለው ሳሙናና ፎጣ ነው።

መስጂዶቻችን ውስጥ የሚስተካከለውም ብዙ ወጪ የለውም። አብዛኛው ውዱእ ማድረጊያ የተሠራው ቁጢጥ ማለት ለሚችል ሰው ነው። ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የሲሚንቶ መቀመጫ፣ እግር የሚያርፍበት ዝቅ ያለ ደረጃ፣ ሲነሡ የሚይዙት ብረት ይበቃል። ውሃ እንዳይተኛ ወለሉ በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት ይኑረው። ጥግ ላይ አንድ ቧንቧ በመጋረጃ ቢለይ እግሩን ማሳየት የሚያፍረው ሰው ይጠቀምበታል። ወንበሮቹም ሁሉም ኋላ ከሚደረደሩ በየሶፉ ጫፍ ቢሆኑ ይሻላል፤ ቀድሞ የመጣ አዛውንት የመጀመሪያው ሶፍ አጅር ለምን ይለፈው?

ለክረምት ቤት ስንገባ «እግርዎን ያሳዩኝ» ማለት ይከብዳል። ማታ ሳፋና ለብ ያለ ውሃ ይዞ መቅረብ ግን ማንንም አያሳፍርም፤ የታላቅን እግር ማጠብ ድሮም የልጅ ሥራ ነበር። እያጠባችሁ ታያላችሁ። እብጠቱ ከእግር ፊት ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣ፣ ከጉልበት በታች የቆመና ዓመታት ያስቆጠረ ከሆነ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ስለ ዝሆኔ ሕክምና ጠይቁ። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ የሚያም ከሆነ፣ ወይም እግሩ ቀዝቅዞ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ ቀን ሳትቆጥሩ ሆስፒታል ውሰዱ። ሁለቱም እግር አብጦ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ደግሞ መንሥኤው ልብ ወይም ኩላሊት ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ የአፈር ወለል ካለ ሲሚንቶ ባይቻል እንኳ ምንጣፍ ይነጠፍ። ለልጆችም ለዒድ ልብስ ሲገዛ ጫማው አይረሳ። ሸበጥና በርባሶ ክፍት ስለሆኑ ጭቃውን አያስቀሩም፤ ኮንጎ ከባዶ እግር ይሻላል፤ ካልሲ የሚገባበት ሽፍን ጫማ ከሁሉም ይመረጣል።

ለታመሙት አዛውንቶች ግን በቁጥር የሚሸጥ ጫማ አይገባላቸውም፤ ጫማ ሠሪ ዘንድ ማሠራት ያስፈልጋል። ልኬቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ይወሰድ፤ እግር ሰፋ የሚለው በቀኑ መጨረሻ ነው። ካልሲ አድርገው፣ ወረቀት ላይ ቆመው፣ ሁለቱም እግሮች ዙሪያቸውን ይሣሉ። ሁለቱ እኩል ስለማያብጡ የአንዱን ሥሎ ለሁለቱ ማሠራት አይሆንም። የእግሩ ጀርባና የቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ደግሞ በሜትር ይለካ። ከላይ በማሰሪያ የሚሰፋና የሚጠብ ሆኖ ከተሠራ፣ እጥበቱ ሠርቶ እብጠቱ ሲቀንስ አዲስ ጫማ ማሠራት አያስፈልግም፤ ማሰሪያውን ሳብ ማድረግ ይበቃል።